የታራስፕ ግንብ፦ ከ1040 እስከ ዛሬ በማን በማን እጅ አለፈ?

አምባ ፈላጊ
ሰላም ለሁላችሁ። በስዊዘርላንድ ተራሮች ውስጥ ስላለው የታራስፕ ግንብ የሚጻፈው እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ “እስከ 1803 የኦስትሪያ ነበር” ይላል። ሌላው “ከ1687 ጀምሮ የዲትሪሽታይን መሳፍንት ንብረት ነው” ይላል። ሦስተኛው የኩርን (የስዊዘርላንድ ከተማ ናት) ጳጳስ ይጨምርበታል። ቅደም ተከተሉን የሚያውቅ ቢያስረዳን። በተለይ ሁለት ነገር ግራ ያጋባል፦ አንድ ግንብ በአንድ ጊዜ እንዴት ሁለት ባለቤት ይኖረዋል? የአፍ ማጠቢያ ነጋዴው ሊንግነር የገዛውስ እንዴት የጀርመን መስፍን ጋ ደረሰ? ዘመኑን ሁላችንም በአውሮፓ አቆጣጠር ብንጽፍ ይሻላል፤ አለዚያ እንደበላለቃለን።

መዝገብ ቤት
መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ታራስፕ በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በግራውቡንደን ካንቶን (ክፍለ ግዛት)፣ በታችኛው ኤንጋዲን ሸለቆ ከኢን ወንዝ በስተደቡብ የሚገኝ መንደር ነው። ግንቡ ፎንታና ከሚባለው ሰፈር በላይ፣ መቶ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ በወጣ ዐለት ላይ ተቀምጧል። ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ያሠሩት ራሳቸው የታራስፕ ጌቶች ናቸው፣ በ1040 ገደማ። እነዚሁ ሰዎች ታች ሽኩኦል ላይ የቤኔዲክት ገዳም ተክለው ነበር። ገዳሙ በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተራራው ማዶ ወደ ማሪንበርግ ተዛወረ፤ ቦታው ዛሬ ደቡብ ቲሮል፣ ጣሊያን ውስጥ ነው። ገዳሙን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ መጀመሪያዎቹ ጌቶች ከምናውቀው ብዙው የመጣው በ14ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ የነበረ ጎስቪን የሚባል መነኩሴ ከጻፈው ዜና መዋዕል ነው። ሰውየው የሚጽፈው ነገሩ ከሆነ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው፤ ደግሞም የገዳሙን መሥራቾች ማሞገስ ሥራው ነበር። ስለዚህ የሰጡትን መሬት ሲዘረዝር እመኑት፤ ስለ ደግነታቸው ሲያወራ ግን ቆጠብ በሉ።

የኩር ጳጳስ የሚገባው በ1160 ነው። ከቤተሰቡ አንዱ፣ ኡልሪሽ፣ በግንቡ ላይ የነበረውን ድርሻ ለጳጳሱ ሰጠ። ድርሻውን እንጂ ሙሉ ግንቡን አይደለም። ብዙ ጽሑፍ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ “ግንቡን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ” ብሎ ያልፈዋል፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሙግት ሁሉ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

የታራስፕ ጌቶች ዘር በዚያው ክፍለ ዘመን ጠፋ። በ1239 የራይሸንበርግ ጌቶች ለጎረቤቱ ተራራማ አገር ለቲሮል ካውንት ለአልበርት ሸጡት። ከዚያ በቲሮል ሥር ሆነው የማች ጌቶች ያዙት። በ1363 ቲሮል ራሷ ኦስትሪያን ለሚገዛው ለሀብስቡርግ ቤተሰብ ስትተላለፍ ታራስፕም ተከትላ ሄደች። በ1464 የቲሮሉ ገዥ ዚግሙንድ ግንቡን ከማች ጌቶች በገንዘብ ገዝቶ ባለሟሉን አስቀመጠበት። “የኦስትሪያ ነበር” የሚሉት ከዚህ ዓመት ቢቆጥሩ ትክክል ናቸው።

አምባ ፈላጊ
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ 1687ስ? ኦስትሪያ ሸጣው ነው?

መዝገብ ቤት
አልተሸጠም። ይህን ለመረዳት ርስትና ጉልትን መለየት ለሚያውቅ ሰው ሥራው ቀላል ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ሊዮፖልድ በ1687 ታራስፕን ለዲትሪሽታይን መሳፍንት የሰጠው በጉልት መልክ ነው። ግብሩን ይበላሉ፣ ዳኛ ይሾማሉ፣ ግንቡን ይጠግናሉ፤ የበላይ ጌትነቱ ግን ከሀብስቡርግ እጅ አልወጣም። ስለዚህ ሁለቱም ጽሑፎች ልክ ናቸው፣ የሚናገሩት ስለተለያየ መብት ነው።

የአንድ ግንብ ታሪክ ስትመረምር ቢያንስ አራት መብት ለያይተህ ጻፍ፦ መሬቱና ግንቡ የማን ነው፣ ጉልቱን ማን ይበላል፣ ዳኝነቱ የማን ነው፣ በዕዳ መያዣ የያዘው ሰውስ አለ ወይ። አራቱ አራት የተለያዩ ሰዎች ጋ ሊገኙ ይችላሉ። “ባለቤት” የሚል አንድ አምድ ብቻ ያለው ሠንጠረዥ ከሠራህ ከ1803 በፊት ያለው ሁሉ ይምታታብሃል።

ለዲትሪሽታይኖች የታራስፕ ዋናው ጥቅም ሌላ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቤተሰቡ ሰፊ ርስት የነበረው በሞራቪያ፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በሚባለው አገር ነው። ታራስፕ ትንሽ ናት፣ ገቢዋም ትንሽ። ነገር ግን በቀጥታ ከንጉሠ ነገሥቱ የተሰጠ ግዛት መያዝ በመሳፍንቱ ጉባኤ የሚያስከብር ነገር ነበር። ግንቡን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ ስሙ ግን በማዕረግ ዝርዝሩ ውስጥ ይጻፋል።

ሰባተኛው ደብዳቤ
ጋሼ መዝገብ ቤት፣ 1652ን ዘለሉት፤ ለእኔ ከሁሉም ቁልፉ ዓመት እሱ ነው። በዚያ ዓመት የታችኛው ኤንጋዲን መንደሮች ኦስትሪያ በላያቸው የነበራትን መብት በገንዘብ ገዝተው ነፃ ወጡ። ታራስፕ ብቻ ቀረች። ዙሪያዋን ፕሮቴስታንት የሆኑ ነፃ መንደሮች፣ መሐል ላይ የኦስትሪያ ካቶሊክ ደሴት። ፎንታና ላይ ካፑቺን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ሲቀድሱ ማዶ ሽኩኦል ላይ በሮማንሽ ቋንቋ መዝሙረ ዳዊት ይዘመራል። ባለቤትነት ወረቀት ላይ የሚቀር ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የሃይማኖቱ ልዩነት እስከ ዛሬ በመንደሮቹ ይታያል።

መዝገብ ቤት
እውነት ነው፣ መግባት ነበረበት። አመሰግናለሁ።

ቀን ቆጣሪ
ሰነድ ለሚያገላብጥ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ካቶሊኩ ቲሮል በ1583 ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተሻገረ። የግራውቡንደን ፕሮቴስታንት መንደሮች ግን እምቢ ብለው በዩልዮሳዊው ቆዩ፤ የመጨረሻዎቹ የተቀየሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ስለዚህ በ1650 ከቲሮል ዋና ከተማ ከኢንስብሩክ የተጻፈ ደብዳቤና ከሽኩኦል የተጻፈ መልስ በ10 ቀን ይለያያሉ። ከመጋቢት 1700 ጀምሮ ልዩነቱ 11 ቀን፣ ከመጋቢት 1800 ጀምሮ 12 ቀን ይሆናል። መልሱ ከጥያቄው “በፊት” የተጻፈ መስሎ ከታየህ ሰነዱ ሐሰተኛ ነው ብለህ አትቸኩል። ሁለት ቀን በክፋይ መልክ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች የተጻፈ ካየህ ደግሞ ጸሐፊው ሁለቱንም አቆጣጠር ማስቀመጡ ነው።

ሁለት አቆጣጠር ይዞ መኖር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ሰበብ የለንም 🙂

አምባ ፈላጊ
ይህ በጣም ጠቀመኝ። 1803ስ?

መዝገብ ቤት
ናፖሊዮን ነው። በየካቲት 1803 ሁለት ሰነዶች በሳምንት ልዩነት ወጡ። አንደኛው የስዊዘርላንድን ካንቶኖች ያቋቋመው የሽምግልና ሰነድ ነው፣ ቀኑ 19። ሁለተኛው በ25 የጀርመን መሳፍንት ግዛት እንደገና የተከፋፈለበት ውሳኔ ነው። ፈረንሳዮች በሰው አገር መሐል የሚቀር ቁራጭ ግዛት አይወዱም። ታራስፕ ለስዊዘርላንድ ተሰጠችና የግራውቡንደን ካንቶን አካል ሆነች፤ የዲትሪሽታይን መስፍን በካሣ መልክ በደቡብ ጀርመን በሽዋብ አገር የኖይራቨንስቡርግን ግዛት አገኘ።

“ታራስፕ በግራውቡንደን የመጨረሻዋ የኦስትሪያ ግዛት ነበረች” የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አትቀበሉት። ሬዙንስ የምትባለው ሌላዋ የኦስትሪያ ግዛት ከእሷ በኋላ ቆይታ ካንቶኑ እጅ የገባችው በ1819 ነው።

ካንቶኑ ግንቡን ምን ያድርገው? ዳኝነቱ ሲቀር ግንቡ ወጪ ብቻ ሆነ። በ1829 ለግለሰብ ሸጠው። ከዚያ እስከ 1900 ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ማንም አልጠገነውም፣ በሩ፣ የግድግዳ እንጨቱ፣ ዕቃው ተነቅሎ አለቀ። በዚህ ዘመን ስለነበሩት ባለቤቶች ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ግንቡ ላይ የጨመሩት ነገር የለም።

ዙሪክ ማዶ
ሊንግነርን እኔ ልቀጥል። ካርል አውጉስት ሊንግነር የድሬስደን ኢንዱስትሪ ባለቤት ነው። ሀብቱ የመጣው ኦዶል ከሚባል የአፍ ማጠቢያ ነው፤ አንገቱ ወደ ጎን የታጠፈውን ነጭ ጠርሙስ አውሮፓ የኖረ ሰው ያውቀዋል። በ1911 በድሬስደን የተደረገውን ዓለም አቀፍ የጤና አጠባበቅ ኤግዚቢሽን ያደራጀውም እሱ ነው፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎብኝቶታል።

ግንቡን የገዛው በ1900 ነው፣ እድሳቱ ከ1907 እስከ 1916 ቆየ። ለምን ያን ያህል ረዘመ የሚል ሰው የባቡሩን ዓመት ይመልከት። ባቡር ሽኩኦል የደረሰው በ1913 ነው። ከዚያ በፊት ማንኛውም ከባድ ዕቃ ከመጨረሻው ባቡር ጣቢያ ወዲህ በጋሪ ተራራ አቋርጦ ይመጣል፤ በረዶ ሲጥል መንገዱ ይዘጋል። ግማሽ በላይ የሆነው ሥራ የተሠራው ያለ ባቡር ነው።

የተራቆቱትን ክፍሎች ለመሙላት ሊንግነር ከኤንጋዲንና ከቲሮል አሮጌ ቤቶች የተቀረጸ የግድግዳና የጣሪያ እንጨት እየገዛ አስገባ። ስለዚህ ዛሬ ግንቡ ውስጥ ያለውን የ16ኛ ወይም የ17ኛ ክፍለ ዘመን እንጨት አይታችሁ “ይህ ክፍል በዲትሪሽታይን ዘመን እንዲህ ነበር” አትበሉ። እንጨቱ እውነተኛ ጥንታዊ ነው፣ ቦታው ግን አይደለም። የሚለየው በመጋጠሚያው ነው፦ ከሌላ ቤት የመጣ እንጨት ማዕዘኑ ላይ ተቆርጦ ወይም በቀጭን ጣውላ ተሞልቶ ይገኛል፣ ምክንያቱም የክፍሉ ልክ ከመጀመሪያው ቤት ልክ ጋር አይገጥምም።

ሊንግነር በሰኔ 1916 ሞተ። በታደሰው ግንብ አልኖረበትም፤ “ኖሮበታል” የሚሉ የጉብኝት ድረ ገጾች አሉ፣ ተዉአቸው።

አምባ ፈላጊ
ታዲያ መስፍኑ ጋ እንዴት ደረሰ?

ዙሪክ ማዶ
በኑዛዜ። መጀመሪያ የቀረበው ለሳክሶኒው ንጉሥ ለሣልሳዊ ፍሪድሪሽ አውጉስት ነበር፣ ንጉሡ አልተቀበሉም። የተራራ ግንብ በስጦታ መቀበል ማለት የጣሪያውን፣ የማሞቂያውንና የጠባቂውን ደመወዝ ለዘላለም መቀበል ማለት ነው፤ ያውም በጦርነት መሐል። ቀጥሎ ለሄሰኑ ግራንድ ዱክ ለኤርንስት ሉድቪግ ቀረበ፣ እሳቸው ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ደስ የሚለው። በኅዳር 1918 የጀርመን ዙፋኖች ሁሉ ወደቁ፣ የሄሰኑም ጭምር። ታራስፕ ግን ገለልተኛ አገር ውስጥ ያለ የግል ንብረት ስለሆነ ማንም አልነካውም። እንግዲህ ስትጽፉ “የሄሰን” ብላችሁ አትተዉት፤ ሄሰን ዛሬ የጀርመን ክፍለ ግዛት ስም ነው፣ አንባቢ መንግሥት ይመስለዋል። የሄሰን መሳፍንት ቤተሰብ በሉ።

ቤተሰቡም ውስጥ ቢሆን ሰንሰለቱ ቀጥ ያለ አይደለም። ኤርንስት ሉድቪግ በጥቅምት 1937 ሞቱ። በሚቀጥለው ወር አልጋ ወራሹ ከነሚስቱና ከሁለት ወንድ ልጆቹ ጋር ቤልጅየም ኦስተንድ ላይ በአውሮፕላን አደጋ አለቀ። የቀረው ወንድሙ ሉድቪግ ነው፤ እሱም ልጅ ስላልነበረው ከሌላው የሄሰን ቅርንጫፍ ሞሪትስን በጉዲፈቻ ወሰደ። ርስቱ ሁሉ ወደዚያ ቅርንጫፍ የዞረው በዚህ መንገድ ነው።

ኖራና አሸዋ
ስለ ወጪው ከተነሣ አይቀር፣ እንዲህ ያለ ግንብ ገንዘብ የሚበላው የት የት እንደሆነ በቁጥር ላስቀምጥ። ዐለት ላይ ያለ የተራራ ግንብ ሁሉ ችግሩ አንድ ነው፣ ታራስፕ ብቻ አይደለም።

ጠላቱ ውሃና ውርጭ ነው። በቀን ይቀልጣል፣ በሌሊት ይጋገራል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ድንጋዩን ይፈነቅላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ቦታ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈኑት። ሲሚንቶ ከአሮጌው የኖራ ልስን ይጠነክራል፣ እርጥበትም አያሳልፍም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ውሃ በመጋጠሚያው መተንፈስ ሲያቅተው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ በክረምት ፊቱን ልጦ ይጥለዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ስታየው ሲሚንቶው እንደ ጎድን አጥንት ቆሞ፣ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ተበልቶ ታገኘዋለህ።

መፍትሔው አሮጌውን መጋጠሚያ ከስፋቱ ሁለት እጥፍ ያህል ጥልቀት ድረስ በመሮና በመዶሻ ማውጣት ነው። በኤሌክትሪክ መቁረጫ አይሆንም፣ የድንጋዩን ጠርዝ ይሰብራል። ከዚያ አቧራውን አጥቦ ግድግዳውን ማራስ፣ በስፍር አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ደቃቅና ሻካራ የተቀላቀለበት ንጹሕ አሸዋ ማድረግ። የተፈጥሮ ሃይድሮሊክ ኖራ (በውሃም የሚጠና ኖራ) ውርጭ በሚበዛበት ቦታ ይመረጣል፤ ተራው ኖራ ከአየር ጋር ቀስ ብሎ ስለሚጠና እስኪጠና ክረምቱ ይደርስበታል። ከ5 ዲግሪ በታች ሥራ የለም፣ ሌሊቱንም ጭምር ነው የምለው። በ1,500 ሜትር ከፍታ ይህ ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ ነው። መሰላሉና እንጨት መቆሚያው ግን ሌላውን ጊዜም ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል፤ ገንዘቡ የሚሄደው እዚያ ላይ ነው።

ጣሪያው በላርች (እንደ ጥድ ያለ የተራራ ዛፍ) እንጨት ፍልጥ የሚከደን ከሆነ፣ ፍልጡ በመጋዝ ሳይሆን በመጥረቢያ የተፈለጠ ይሁን። መጋዝ ጭረቱን ይቆርጠዋል፣ ውሃ ይጠጣል። ሲደረደር በማንኛውም ነጥብ ላይ ሦስት ድርብ እንዲሆን ነው።

ቅኝት
ኦርጋኑን ረሳችሁት! ሊንግነር ኦርጋን ይወድ ስለነበር በድሬስደኑ በዬምሊሽ ቤት አሠርቶ ግንቡ ውስጥ አስተከለ፣ 2,500 ያህል ቱቦ ያለው። ለመኖሪያ ግንብ ይህ እጅግ ትልቅ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታድሶ እንደገና ተሰማ።

ለማንኛውም አዲስ ባለቤት ኦርጋኑ ግዴታ ነው። ለቱቦዎቹ ነፋስ የሚያከፋፍለው ሳጥን እንጨት ነው፤ በክረምት ክፍሉን በኃይል ካሞቁት አየሩ ይደርቃል፣ ሳጥኑ ይሰነጠቃል፣ ነፋስ ሾልኮ ማንም ሳይነካው ድምፅ የሚያሰማ ቱቦ ይመጣል። እርጥበቱ ከ45 እስከ 60 በመቶ ባለው መሐል ቢቆይ ይመረጣል። ሙቀት በአንድ ዲግሪ በተለወጠ ቁጥር የተራው ቱቦ ቅኝት 3 ሴንት ያህል ይንቀሳቀሳል፣ ማለት የግማሽ ድምፅ ሦስት መቶኛ። በምላስ የሚጮሁት ቱቦዎች ግን አብረው አይንቀሳቀሱም። በ8 ዲግሪ የተቃኘ ኦርጋን በ18 ዲግሪ ሲመታ ሁለቱ ወገኖች ወደ 30 ሴንት ይለያያሉ፣ ለማንም ጆሮ ይሰማል። ከኮንሰርት በፊት የሚደረገው ምላሶቹን ከሌሎቹ ጋር ማስማማት ነው፤ 2,500ውን ሁሉ የሚነካ የለም።

አምባ ፈላጊ
ቤተሰቡ ለምን ሸጠው እንግዲህ መጠየቅ አያስፈልግም 😄 የ2016ቱን ሽያጭ ማን ያብራራል?

ዙሪክ ማዶ
ሽያጩ ብዙ ዓመት ፈጀ። ቤተሰቡ ለመሸጥ ከወሰነ ወዲያ የአካባቢው ሕዝብ ግንቡ እንዳይዘጋ ስለፈለገ ፋውንዴሽን ተቋቁሞ መፍትሔ ይፈለግ ነበር። በመጨረሻ በመጋቢት 2016 ቀራፂው ኖት ቪታል በ7.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገዛው። ሰውየው ማዶ ያለችው የሴንት መንደር ልጅ ነው፣ በ1948 የተወለደ፤ በኒጀር አጋዴዝም ቤቶች ሠርቷል።

ገዢ ለምን ጠፋ ለሚል፦ በ1985 ሥራ ላይ የዋለው፣ ሰዎች ሌክስ ኮለር የሚሉት ሕግ በውጭ አገር የሚኖር የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ንብረት እንዳይገዛ በፈቃድ ያጥረዋል። ስለዚህ የገልፍ ወይም የሩሲያ ሀብታም “ገንዘብ አለኝ” ብሎ አይገባም። ግንቡ ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ በተመዘገቡ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ግድግዳ አፍርሶ ሆቴል ማድረግ የለም። የቀረው ገዢ በሕጉ መግዛት የሚፈቀድለት፣ ሀብታም የሆነና ግንቡን እንዳለ የሚወድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስንት ይገኛል? ለእኔ የዋጋው ጉዳይ የሚገለጸው በዚህ ነው።

ቀን ቆጣሪ
በእኛ መጋቢት 2008 መሆኑ ነው።

ሰባተኛው ደብዳቤ
አንድ ማረሚያ ለሚጽፉ፦ የታራስፕ ማዘጋጃ ቤት ዛሬ የለም። ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ከአርዴዝ፣ ከፍታን፣ ከጓርዳና ከሴንት ጋር ወደ ሽኩኦል ተጠቃልሏል። ለአስተዳደሩ የምትጽፉ ከሆነ አድራሻው ሽኩኦል ነው።

አምባ ፈላጊ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ይህን ሰንሰለት ራሴ ከሰነድ ላረጋግጥ ብል ከየት ልጀምር?

መዝገብ ቤት
ከዛሬ ወደ ኋላ ሂድ፣ ከ1040 ወደ ፊት አይደለም። በስዊስ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለቤትነት የሚተላለፈው መሬት መዝገብ ላይ ሲጻፍ ነው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በጥር 1912 ስለሆነ ከዚያ በፊት ተመሳሳይ መዝገብ አትጠብቅ። የባለቤቱን ስም፣ የባለቤትነቱን ዓይነትና የተገኘበትን ቀን ምክንያት ሳታቀርብ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል። ዋጋውን ግን አይሰጡህም። ስትጽፍላቸው የቦታውን ቁጥር ጥቀስ፤ “የታራስፕ ግንብ” ብቻ ካልክ ዐለቱ፣ ማሳውና የጥበቃ ቤቱ የተለያየ ቁጥር ሊኖራቸው ስለሚችል ግማሽ መልስ ይመጣልሃል።

ከ1916 በኋላ ላለው የቤተሰቡ ወረቀት ዳርምሽታት የሚገኘው የሄሰን ግዛት መዝገብ ቤት፣ የግራንድ ዱኩ ቤተሰብ ክፍል። ከ1803 እስከ ሊንግነር ኩር ከተማ የካንቶኑ መዝገብ ቤት። ለዲትሪሽታይን ዘመን የቤተሰቡ ሰነድ ያለው ብርኖ፣ ቼክ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው ወደ ቪየና ሄዶ የሚደክመው ይህን ባለማወቅ ነው። ከ1464 እስከ 1687 ኢንስብሩክ። ከዚያ በላይ ያለው በላቲን ነው፣ ማሪንበርግና ኩር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ደብዳቤ ስታዝዝ ያንን የ10 ቀን ነገር አትርሳ፤ የምትፈልገውን ቀን ብቻ ሳይሆን ከፊቱም ከኋላውም ሁለት ሁለት ሳምንት ጨምረህ ጠይቅ።